ሰባት ሰው በአንድ ናፍጣ መኪና፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋ ሮቢት

ሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ያለው ሰው ከውጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው መኪና ነው። ብቻህን ብትሆን አውቶቡስ አለ፣ ሚኒባስ አለ። እናት፣ አክስት፣ አጎትና ልጆች ሲጨመሩ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሁለት ትንንሽ መኪና ከተከራየህ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል፣ ወጪውም እጥፍ ይሆናል። ሚኒባስ ለእናቴ ጉልበት ከፍ ይላል። ላንድክሩዘር ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

እኛ በደላላ በኩል ያገኘነው ኦፔል ዛፊራ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል፣ ባለ 1.9 ናፍጣ፣ ከነሾፌሩ። አጎቴ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። «ቶዮታ ጠፍቶ ነው?» አሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ መኪናውን አውቀዋለሁና። የምኖረው ዶርትሙንድ ነው። ዛፊራ ይሠራ የነበረው እዚያው ጎረቤት ቦኹም ከተማ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ተዘግቷል። ጀርመን ውስጥ ልጆች ያሏቸው ብዙ አበሾች ይህን መኪና ነድተዋል። እዚህ ግን በዳገትና በቁልቁለት፣ ሰባት ሰው ጭኖ እንዴት እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ወንበሩ። ዛፊራ ሲታይ ትንሽ ነው። ርዝመቱ 4.47 ሜትር ገደማ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ጠባብ ቅያስ አያስቸግረውም። ግን ሦስት ረድፍ አለው። የኋላዎቹ ሁለት ወንበሮች ካልተፈለጉ ታጥፈው ወለሉ ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያው ዛፊራ ሲወጣ ስሙን ያስጠራው ይህ ነው። በሌሎች ብዙ መኪኖች ትርፍ ወንበሩን ነቅለህ ቤት ማስቀመጥ ነበረብህ። መካከለኛው ወንበር ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ትንሽ ወደፊት ስትገፋው ከኋላ ለተቀመጠው እግር ማስገቢያ ይሰጣል።

እናቴ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። መግቢያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንም ሳይደግፋቸው ገቡ፣ ወረዱም። ለእኔ ከሁሉም በላይ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። መካከል ላይ አጎቴ፣ አክስቴና እኔ ሆንን። የወንድሜ ልጆች ሁለቱ መጨረሻ ላይ። ሦስተኛው ረድፍ የልጆች ቦታ ነው፣ ይህን በግልጽ ልናገር። ትልቅ ሰው እስከ ሰንዳፋ ይችለዋል፣ እስከ ደብረ ብርሃን ግን ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል።

ችግሩ ሻንጣ ነው። ሰባቱም ወንበር ሲዘረጋ ከኋላ የሚተርፈው ቦታ 140 ሊትር ብቻ ነው። አንድ መካከለኛ ሻንጣና ሁለት ፌስታል ማለት ነው። የኋላዎቹ ሲታጠፉ 645 ሊትር ይሆናል፣ ግን ያኔ አምስት ሰው ነው የምትጭነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚጭን እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ ሁለቱን ትልልቅ ሻንጣ ከአጎቴ ልጅ ጋር በሚኒባስ አስቀድመን ላክን። ቀላሉን ደግሞ ፖርቶ መጋላው ላይ አሰርን። አከራዩ በስልክ «ሰባት ሰው ከነዕቃው ይጭናል» ብሎን ነበር። ከነዕቃው የሚለው እውነት አይደለም፣ አትመኑ።

አሁን ወደ ሞተሩ። የኛው ባለ 120 ፈረስ ጉልበቱ ነበር። ባለ 150ም አለ። ብዙ ሰው መኪና ሲመርጥ የፈረስ ጉልበት ቁጥር ብቻ ያያል። ለሰሜን ሸዋ መንገድ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ቁጥር ነው፤ የመጎተት ጉልበት፣ ማለትም ቶርክ። የዚሁ መኪና ባለ 1.8 ቤንዚን ሞተር 140 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ቶርኩ ግን 175 ኒውተን ሜትር ነው። እሱንም የሚያገኘው ሞተሩ በደቂቃ ወደ 4 ሺህ ዙር ገደማ ሲጠጋ ነው። ባለ 120ው ናፍጣ 280 ኒውተን ሜትር አለው፣ በ2 ሺህ ዙር ይሰጥሃል። ልዩነቱን ወረቀት ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ ታየዋለህ። ቤንዚኑ እየጮኸ ማርሽ ሲለምን፣ ናፍጣው ዝም ብሎ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ጣርማበር ላይ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር ታልፋለህ። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሲሶ ያህል ያነሰ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲያንሰው ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንደኛው ናፍጣ ተርቦ ያለው ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሰዋል። ከጫጫ ወዲያ ሰባት ሆነን ስንወጣ መኪናው አልደከመም። በአምስተኛ ማርሽ ከሲኖትራክ ኋላ እየተከተልን፣ ቦታ ሲገኝ በአራተኛ ቀድመን አለፍን። አጎቴ ያኔ ነው ስለ ቶዮታ ማውራት ያቆሙት።

የጠዋት ብርዱም ፈተና ነበር። የደብረ ብርሃንን ውርጭ የማያውቅ ሰው ኢትዮጵያ ሁሉ ሙቅ ይመስለዋል። ሌሊቱን ደጅ ያደረ ናፍጣ መኪና ጠዋት የሚያስነሳው ማሞቂያ ካንዴላው ነው። ቁልፉን ከፍተህ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስል መብራት እስኪጠፋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ታስነሳለህ። ሾፌራችን ሁልጊዜ ጠበቁ፣ መኪናውም ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከዳገት በኋላም ስንቆም ሞተሩን ወዲያው አያጠፉም። ተርቦው ዘይት እያገኘ እንዲበርድ ትንሽ ያቆዩታል። ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

ስለ ሾፌሩ በደንብ መናገር አለብኝ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሳላስፈቅዳቸው አይሆንም። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንጀምር ገና ጠመዝማዛው ሳይመጣ ማርሽ ቀነሱ። የወንድሜ ልጅ ለምን ቀስ እንደምንል ጠየቃቸው።

«የኔ ልጅ፣ ይህን ዳገት በምትወጣበት ማርሽ ነው የምትወርደው» አሉት። «ፍሬን ለመቆሚያ ነው እንጂ ለመውረጃ አይደለም።»

ልክ ናቸው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየሩን አፍኖ ስለማይይዝ፣ ነዳጅ ስትለቅ በራሱ የሚይዝህ ያነሰ ነው። ስለዚህ ማርሹን ቀደም ብሎ ማውረድ ያስፈልጋል። ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ዲስኩን ያግላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ፔዳሉ መያዝ ያቆማል። ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። ጃኬት ለብሰህ ተነስተህ ሸሚዝህን ከፍተህ ትደርሳለህ። በዚያ ቁልቁለት ሙሉ ቤተሰብ ጭኖ አንድም ጊዜ የፍሬን ሽታ አልመጣም። ለዚህ አገልግሎት ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፣ ጉርሻም ይገባቸዋል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት ስንቆም እንኳ የትኛዋ ልጅ ጋ ጥሩው እንዳለ ያውቃሉ።

አከራዩን በተመለከተ እንዲህ አልልም። መኪናው ንጹሕ ነበር፣ ኢንሹራንሱና ቦሎው ያልተቃጠለ ነበር። ስኮርታውን፣ ማለትም ትርፍ ጎማውን ግን ማንም አላየውም። ሸዋ ሮቢት ልንደርስ ስንል የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታው ሲወጣ እሱም ባዶ ነው። በዚያ ሙቀት እናቴ ግራር ሥር ተቀምጠው፣ ጋሼ ሁለቱንም ጎማ በባጃጅ ይዘው ከተማ ሄዱ። የሸዋ ሮቢቱ ጎሚስታ ሁለቱንም ጎማ አየ፣ ቀዳዳውን ለጠፈ፣ ንፋስ ሞላ፣ የጠየቀውም ተመጣጣኝ ነው። እንግዳ ነው ብሎ አልጨመረም። የእሱን ሥራ ሳላመሰግን አላልፍም። ለሰባት ሰው መኪና ስኮርታ የሌለው ኪራይ ግን ኪራይ አይባልም። ከመክፈላችሁ በፊት አስወርዳችሁ እዩት።

መኪናው ራሱም ደካማ ጎን አለው፣ መሸፈን አልፈልግም። መሬት ላይ ዝቅ ይላል። ከአስፋልት ወጥተን ወደ አያቶቼ ሰፈር ኮሮኮንቹ ላይ ስንገባ ልጆቹንና እኔን አውርደው ነው ያለፉት፣ ያም ሆኖ ሆዱ አንድ ቦታ ነካ። ባለ ስድስት ማርሹ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ደግሞ የታወቀ ችግር አለው፤ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ያልቃል። ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ የማርሹ ዱላ ወደፊትና ወደኋላ ከተነቃነቀ ምልክቱ እሱ ነው። የአየር ማስገቢያው ትንንሽ መክደኛዎችም (ክላፖቹ) በጥላሸት ይያዛሉ። የጭስ ማጣሪያ ያለው ከሆነ ረጅም መንገድ በየጊዜው ይፈልጋል፣ ካልሆነ ማጣሪያው ይደፈናል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌና ፒያሳ ብቻ የሚመላለስ ሰው ይህን መኪና አይግዛ። ደብረ ብርሃን እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው ግን መንገዱ ራሱ ማጣሪያውን ያጸዳለታል።

ዕቃውስ? ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ገብተን መካኒኩን ጠይቄው ነበር። የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ ከአዲስ አበባ ይመጣል አለኝ፣ የቀረው ትዕዛዝ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ያለው መኪና ሁሉ ረጅም ዕድሜ መኖር አለበት። ከጀርመን የምትመጡ ሰዎች፣ ዘመድ ይህን መኪና ካለው ቸኮሌቱን ቀንሳችሁ ቺንጋና ፊልትሮ አምጡለት።

ናፍጣ ቀደም ብላችሁ ሙሉ። የነዳጁ ጋን 58 ሊትር ይይዛል። በረጅም መንገድ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ7 ሊትር ብዙም ስላልበለጠ፣ አዲስ አበባ ሞልተን ደርሰን ለመመለስ ከበቂ በላይ ነበር። ክፍያው በሞባይል ነው፣ በጥሬ ብር አይሆንም። ሾፌሩ በቴሌብር ከፍለው እኔ መለስኩላቸው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ላለ ዘመድ ደውሉ፣ ይህ በጣም አስፈላጊ ነው።

ደብረ ብርሃን ያረፍንበት ሆቴል ሙቅ ውኃ ነበረው፣ ብርድ ልብሱም ወፍራም ነው፤ ከዚህ በላይ አልጠይቅም። የጥበቃው ሰው ሌሊቱን መኪናውን ሲጠብቁ አድረው ጠዋት መስታወቱ ላይ ያለውን ውርጭ ሳንጠይቃቸው ጠርገውልን አገኘን።

መኪናውን ስንመልስ አከራዩ ሆዱ ተነክቷል ብሎ ከመያዣው ሊቀንስ ፈለገ። ጋሼ ቀድመው መለሱ። «ጭረቱ የቆየ ነው፣ ዝገቱን አላየኸውም እንዴ? ይልቅ ስኮርታው ባዶ ነበር።» ብለው ጎንበስ ብለው አሳዩት። መያዣው ሙሉውን ተመለሰ፣ የጎሚስታውም ሒሳብ ተጨመረበት። ለገና ስመጣ መኪናው የማንም ይሁን፣ ሾፌሩ እሳቸው እንዲሆኑ ከአሁኑ ተነጋግረናል።