ኤሲያችንን ሙልጭ አድርጎ ላጠበልን የሳቢያን ልጅ

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ አንድ ባለሙያ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። ሳቢያን የሚኖር የኤሲ ባለሙያ ነው። የሰው ስልክ ሳያስፈቅዱ አደባባይ ማውጣት አልወድም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ልጁን ጠይቄ እሰጣለሁ።

የእናቴ ቤት ከዚራ ነው። ሐረር ያሉት ዘመዶቻችን ማታ መስኮት ከፍተው፣ ጋቢ ለብሰው ይተኛሉ። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ምን እንደምትመስል ግን ለእናንተ አልነግርም። ኤሲው ከተከፈተ ጀምሮ ክፍሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። አስም ያለበት የእህቴ ልጅ እዚያ ካደረ ጠዋት የሚነሳው እያስነጠሰ ነው። ማቀዝቀዙም እየደከመ መጣ። ከዚህ በፊት የጠራነው ሠራተኛ «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞላ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። ፊልተሩን ከፍቶ እንኳ አላየም። ብዙም ሳይቆይ ያው ሆነ።

ይሄኛው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ብሬከሩን አጠፋ። ከዚያ የኤሲውን ሽፋን ከፈተና እናቴን ጠራት። «እማማ፣ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት» አላት፣ በእጅ ባትሪ እያበራ። የፊልተሩ ቀዳዳ ጭራሽ አይታይም። ከፊልተሩ ኋላ አየሩን የሚገፋው ረጅሙ ፋን አለ፤ በየክንፎቹ መሃል ጥቁር ነገር ተጋግሮበታል። በጣቱ ጠረገና አሸተተው። «ይሄ አቧራ ብቻ አይደለም፣ እጣንም አለበት» አለ።

እውነቱን ነው። እኔ ኤሲ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ያሉት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ግን የክፍሉን አየር ራሱን ስበው፣ አቀዝቅዘው መልሰው ይለቁታል እንጂ ከውጭ አየር አያስገቡም። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ የሚመጣው አቧራ፣ የከሰሉ ጭስ፣ ማታ ማታ የምናጨሰው እጣን፣ ሁሉም በዚያው ያልፋል። የእጣን ጭስ ደግሞ ያጣብቃል፣ አቧራው የሚያርፍበት ያገኛል። በዚያ ላይ የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ይሆናል። አቧራና እርጥበት ጨለማ ቦታ ላይ ከተገናኙ ሻጋታ ነው። ያ ሽታ የሻጋታ ሽታ ነበር።

ከሥሩ ትልቅ ፕላስቲክ አስሮ በፓምፕ አጠበው። መጀመሪያ የወረደው ውሃ የጀበና አተላ ይመስላል። እናቴ «በስመ አብ! ይሄን ነው ስንተነፍስ የከረምነው?» አለች። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አልተወውም። ተደፍኖ የነበረውን የውሃ መውረጃ ቱቦ ነፍቶ ከፈተው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የውጪውንም ማሽን አጠበ። እኔ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ።

ሲጨርስ ጋዙን በጌጅ ለካ። «ጋዙ ደህና ነው፣ አልነካውም» አለ። የኤሲ ማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነገር ነው። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ያንን ሳይፈልግ «ልሙላላችሁ» የሚል ሲመጣ «የሚያፈሰው የት ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ ሞላሁ ብሎ ቢያስከፍለን ኖሮ ማን ያውቅበታል? አላደረገውም።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኩት ግን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በተናገረው ነው። ረከቦቱና የከሰል ምድጃው እዚያው ክፍል ጥግ ላይ አሉ። አያቸውና «ቡና የምታፈሉት በርና መስኮት ዘግታችሁ፣ ኤሲ ከፍታችሁ ነው?» አለ። አዎ፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ። «እማማ፣ እሱን ተዉት» አላት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ፊልተር አይዘውም፣ ኤሲው እዚያው ያዞረዋል እንጂ አያስወጣውም። ሰው ራሱን እያመመው፣ እየደከመው ሄዶ ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። አሁን ቡናው በረንዳ ላይ ሆኗል፣ እጣኑም በር ተከፍቶ ነው የሚጨሰው። እባካችሁ እናንተም ቤት እንዲህ ይሁን። ሕፃንና አቅመ ደካማ ያለበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ።

እህቴ «አሁን ልጄ ይሻለዋል?» ብላ ጠየቀችው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም እህቴ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ» አላት። የእህቴ ልጅ አሁን ማስነጠሱ ቀንሶለታል፣ ሽታውም ጠፍቷል። መድኃኒቱን ግን አልተወም፣ ክትትሉም እንዳለ ነው።

አክስቴም በእኛ ጥቆማ ጠርታው ነበር። ፔንሲዮን አላት፣ አንሶላ የሚደርቀው በማሽን ነው። ማሽኑ ቶሎ አላደርቅ ብሎ ሁለት ሁለት ጊዜ ያዞሩት ነበር። ልጁ ከኋላ ያለውን የሙቅ አየር ማስወጫ ቱቦ ፈትቶ የተጠቀጠቀ የጨርቅ ብናኝ በእጁ እየጎተተ አወጣ። ብናኙ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ ከዚህ የተነሳ የሚቃጠል ቤት አለ። የፕላስቲኩን ቱቦ በብረት ቀየረላት፣ ጫፉንም ወደ ደጅ አወጣው። የማድረቂያውን ወንፊት በየዙሩ አጽዱ ብሎ ሠራተኞቿን አሳያቸው። ለእኛ ለቤት ሰዎች እንኳ የድሬ ፀሐይ ይበቃናል፤ ሆቴልና ላውንደሪ ያላችሁ ግን አስቡበት አቦ።

ለእናቴ የነገራትን እዚህ ልጻፈው። ፊልተር በወር አንዴ፣ ነፋስ በሚበዛበት ጊዜ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ይታጠባል። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። የሚደርቀው ጥላ ላይ ነው፣ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። በደንብ ሳይደርቅ አይመለስም። እንዲህ ከያዛችሁት የውስጡን እጥበት በዓመት አንዴ ጥሩኝ ይበቃል ነው ያለው። የተደፈነ ኤሲ ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ብዙ ስለሚሠራ የመብራት ሂሳብም ይጨምራል።

ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ነው የሚናገረው፣ መጨረሻ ላይም አልጨመረብንም። ክፍሉንም ወልውሎ ነው የወጣው። ወንድሜ፣ እናቴ በየቀኑ ትመርቅሃለች፣ እኛም እናመሰግንሃለን። እጅህ ይባረክ። ልትጠሩት ያሰባችሁ ደግሞ ሙቀቱ ሳይገባ፣ በመጋቢት ደውሉለት። ግንቦት ከገባ ወረፋው አይቻልም።