ከቀኝ ተነቅሎ ለግራ፦ ያስጠገንኩት ማውዝ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ዜሮ ርዝመት ያለው መስመር አይታይም። ስክሪን ላይ ልብ አይባልም፣ ወረቀት ላይም ብዙ ጊዜ አይወጣም። ፋይሉ ውስጥ ግን አለ። በ2017 መስከረም ላይ የአንድ ጂ ፕላስ ቱ ቤት ፕላን እየጨረስኩ ነበር። አውቶካድ በሚባለው የፕላን መሳያ ፕሮግራም ላይ ‹ፐርጅ› ብዬ ፋይሉን ሳጸዳ፣ ከአንድ ፎቅ ብቻ እንዲህ ያለ መስመር በደርዘን ወጣ። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ፋይሉን ከኔ በፊት የነካውን ባልደረባዬን። ልጁን በሆዴ እያማሁት ሁለት ቀን ዋልኩ። ጥፋተኛው ግን እዚያው እጄ ስር ነበር፤ የማውዜ የግራ ቁልፍ።

አንዴ ስጫነው ሁለቴ ይልካል። መስመር ስጀምር መነሻውም መድረሻውም አንድ ነጥብ ላይ ይወድቃል። የተሳለ በር ለመምረጥ ነካ ሳደርገው፣ በሩን ልታርሚ ነው ወይ ብሎ ሌላ መስኮት ይከፍትብኛል። ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላው ፋይል ስጎትት መንገድ ላይ ይጥለዋል፤ ከዚያ የት እንደገባ ፍለጋ ነው። ያንን ማውዝ ከመጣል አስጠግኜ ዘጠኝ ወር ሠራሁበት። የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ማውዙ ባለ ገመድ፣ ባለ ስድስት ቁልፍ ነው። የገዛሁት በ2013 ነው። የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ፤ ይህ በሽታ የሱ ብቻ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ በቀን ስምንት ሰዓት አብሮኝ ውሏል። አውራ ጣቴ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ሳላየው የጎን ቁልፎቹን አገኛቸዋለሁ። እንደሱ ያለ አዲስ መግዛት አንዱ መንገድ ነበር። ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያንኑ ሞዴል ስጠይቅ፣ ዋጋው ከገዛሁበት እጥፍ አልፎ ጠበቀኝ።

ከመክፈቴ በፊት ግን አንድ ነገር አጣራሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የግራና የቀኝ ቁልፍን ሥራ አቀያየርኩ። በቀኙ ስሠራ ችግሩ ጠፋ፤ ወደ ግራው ስመልሰው ተመለሰ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፣ ያው ነው። ይህን ሳታደርጉ ካቻቢቴ አታንሱ። ዊንዶውስ ላይ የደብል ክሊክ ጊዜውንም አሳጥሬ ሞክሬ ነበር። ዊንዶውስ ሲጫን ግማሽ ሰከንድ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ምንም አልረዳኝም። የኔ ማውዝ ሁለቱን ንክኪ የሚያከታትለው ከዚያ እጅግ ፈጥኖ ነው።

የበሽታው ምንጭ አንዲት ስዊች ናት። ርዝመቷ 13 ሚሊሜትር የማትሞላ ጥቁር ሳጥን። ውስጧ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራች ስስ ምላስ አለች። ቁልፉን ስንጫን ምላሷ ጠቅ ብላ ትገለበጥና ከተቀመጠላት ነጥብ ጋር ትገናኛለች። ብረት ከብረት ሲጋጭ ደግሞ ይነጥራል። ለጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ይነካል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይነካል። አዲስ ስዊችም ይነጥራል። የማውዙ ቺፕ ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያዋን ንክኪ ተቀብሎ የቀረውን ለአፍታ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። ምላሷ ስትደክም ወይም ነጥቡ ሲቆሽሽ ግን መንጠሩ ከዚያች አፍታ ያልፋል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? ሁለቴ ተጫነች ይላል።

ስዊቿ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዤ ስፈልግ፣ 20 ሚሊዮን ጊዜ መጫን ትችላለች የሚል አገኘሁ። በቀን 5,000 ጊዜ ብጫናት፣ በዓመትም 300 ቀን ብሠራ፣ 13 ዓመት ልትኖርልኝ ነበር። በአራተኛው ቀረች። ያ ቁጥር የሚወጣው ማሽን እኩል እኩል እየተጫናት ነው። የአዲስ አበባ አቧራ የለበት፣ የእጅ ላብ የለበት። በዚያ ላይ በማውዝ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። ጠንከር ያለ ኃይል ቢሆን ነጥቡ ላይ የሚያርፈውን ስስ የዝገት ሽፋን እያቃጠለ ያልፍ ነበር። የማውዙ አቅም የለውም።

አዲስ ስዊች ፍለጋ መርካቶ ወጣሁ። «የማውዝ ስዊች አለ?» ስል የመጀመሪያው ባለሱቅ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አውጥቶ ደረደረልኝ። ሁለተኛው «ማውዙን ራሱን ግዢ እንጂ!» አለኝ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ደክሞኝ ነበር፤ ገዛሁ። ገመድ አልባ፣ ስም የለሽ፣ 450 ብር።

ለእውነት ያህል ድምፅ የለውም። ማታ ስሠራ ልጄ አትነቃም። ከዚያ ውጭ ግን ትንሽዬ ናት፤ መዳፌን የማሳርፍበት አጣሁ። በሦስተኛው ቀን የእጄ አንጓ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ትንሽ ካልነካኋት ትተኛለች፣ ስትነቃ ደግሞ ጠቋሚው ዘሎ ነው የሚነሳው። ኢሜይል ለሚያነብ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ሃያ ሳንቲሜትር ግድግዳ ለሚስል ሰው ግን ያናድዳል። ሳምንት ሳይሞላው ለልጄ ሰጠኋት። እሷ ወዳታለች።

ሰፈራችን አንድ ሞባይል ጠጋኝ አለ። ማውዜን ሳሳየው ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄማ ይጣላል እንጂ አይጠገንም» አለኝ። ቀጥሎ ግን «ስዊቹን ካመጣሽ እበይድልሻለሁ» አለ። ስዊቹ የት አለና! ማታ ቤቴ ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ። ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ገመዱን አይጥ የቆረጠበት ማውዝ አለ። (አይጥን አይጥ በላው ማለት ነው።) የዚያ ማውዝ ግራ ቁልፍ ያው ያረጀ ነው። ቀኙን ግን ማን ይጫነዋል? ከግራው ጋር ሲተያይ አልተነካም ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ሁለቱንም ይዤለት ሄድኩ። አምራቾቻቸው የተለያዩ ናቸው። ሲከፈቱ ግን ስዊቾቹ ባለ ሦስት እግር፣ መጠናቸውም አንድ ሆኖ ተገኘ። ጠጋኙ ልጅ ራሱ ገረመው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ብሎኖቹ ያሉት ማውዙ ሆድ ላይ ከተለጠፉት መንሸራተቻዎች ስር ነው። ልጁ መሣሪያውን እስኪያሞቅ ድረስ ላግዝ ብዬ አንዱን በጥፍሬ ጎትቼ አነሳሁት። ተጨማደደ። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ በምላጭ ቀስ ብሎ ማንሳት ነበር። አላወቅኩም።

ልጁ እርሳሱን አቅልጦ አሮጌዋን ነቀለ። ከመንቀሉ ይልቅ መትከሉ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። የስዊቿ የምትጫነው ጫፍ መሃል ላይ አይደለችም፤ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ተገልብጣ ከተበየደች የማውዙ ክዳን በትክክል አያርፍባትም። ስለዚህ ሳይነካው በፊት በስልኬ ፎቶ አንስቼ ያዝኩ። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። 200 ብር ከፈልኩ።

ጥቅምት ላይ ነው ይህ የሆነው። ዛሬ ሐምሌ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ውስጥ የግራው ቁልፍ አንድም ቀን ሁለቴ አልላከም። ‹ፐርጅ› ስል ያ ሁሉ የማይታይ መስመር የለም። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ድምፁ አስቸግሮኝ ነበር። ግራው ወፈር ያለ፣ ቀኙ ቀጠን ያለ ድምፅ ያወጣሉ፤ ሁለት ሰው የሚያወራ ይመስላል። ግራው ትንሽ ጠንከርም ይላል። አሁን ረስቼዋለሁ።

ያስቸገረኝ መንሸራተቻው ነው። የተጨማደደውን በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ሙጫው ጠርዙ ላይ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆነ፤ ማውዙ በአንድ ጎኑ ጠረጴዛዬን ይቧጭራል። ወር ሙሉ ታገስኩት። በመጨረሻ ከዚያው አይጥ ከበላው ማውዝ ሆድ ላይ ሁሉንም በማድረቂያ አንስቼ ወደዚህ አዛወርኩ። ቅርጻቸው ስላልገጠመ በመቀስ አስተካከልኳቸው። ሲያዩት ያስቃል፣ ሲሄድ ግን ቅቤ ነው።

ጥር ላይ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን መጣበቅ ጀመረ። ይህ ሽፋን በጊዜ ብዛትና በእርጥበት ይፈርሳል፤ ቆሻሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በሳሙናም አይለቅም። ከመድኃኒት ቤት 70 በመቶ አልኮል ገዝቼ በጨርቅ ፈቀፈቅኩት። ጥቁር ጥቁሩ ወጥቶ ባዶ ፕላስቲክ ቀረ። ማውዙ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ ጨርቁም ጠብ የማይል ሆኖ ነው ታዲያ። መልኩ አስቀያሚ ሆነ፣ እጄ ግን ነፃ ወጣ። ሳጸዳው የድሮዎቹ ባለ ኳስ ማውዞች ትዝ አሉኝ። ኢንተርኔት ቤት ገብተን ጠቋሚው እምቢ ሲል፣ ኳሷን አውጥተን ውስጡ የተጠቀለለውን እድፍ በጥፍራችን እንፈቅ ነበር። ኳሷ ራሷ የሌለችበትም ጊዜ ነበር፤ አንዱ ልጅ ብይ ሊጫወትባት ወስዷታል።

ከዚያ የካቲት ላይ ሌላ ጉድ መጣ። አውቶካድ ላይ የመሃሉን ጎማ ተጭኖ መያዝ ሥዕሉን ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሳል። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን ደግሞ ሥዕሉን በሙሉ ስክሪኑ ላይ ያመጣል። እኔ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ እየደረደርኩ፣ ድንገት ሽቅብ ተስፈንጥሬ ቤቱን ከነግቢው፣ ከነአጥሩ አየዋለሁ። ተመልሼ እወርዳለሁ። ደግሞ እስፈነጠራለሁ። የመሃሉም ቁልፍ የግራውን በሽታ ይዞታል።

ዱባይ ያለች እህቴን ደውዬ ለመንኳት። ለፋሲካ ስትመጣ ካይል የሚባለው አምራች የሚሠራቸውን አሥር አዳዲስ ስዊቾች ይዛልኝ መጣች፤ 80 ሚሊዮን ጊዜ የተባለላቸው። ከበዓሉ ማግስት እየሮጥኩ ልጁ ጋ ሄድኩ። ከፈተው። አየው። «ይቺ እኮ ሌላ ናት» አለኝ።

እውነትም ሌላ ናት። በብዙ ማውዝ የመሃሉ ቁልፍ ስር ያለችው እንደ ግራና ቀኙ አይደለችም። ባለ አራት እግር፣ ትንሽ አራት ማዕዘን ናት። ከዱባይ በአውሮፕላን የመጡት አሥሩም አይገጥሙም! ማልቀስ ሲቀረኝ ልጁ ተነስቶ ጥጉ ላይ ከተከመረው ዕቃ መሃል የሞተ ሪሲቨር አወጣ። ፊት ለፊቱ ካሉት የቻናል መቀየሪያ ቁልፎች አንዷን ነቅሎ በቴስተር ሞከራት፣ ቁመቷንም ከአሮጌዋ ጋር ለካ። ትንሽ ረዝማ ቢሆን ጎማው ሁልጊዜ ተጭኖ ይቀር ነበር። ገጠመች። 150 ብር። ከሚያዝያ ጀምሮ ቤት የምስለው በሪሲቨር ቁልፍ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ጥገናው ሁለቴ 350 ብር፣ ያቺ የልጄ መጫወቻ 450፣ አልኮሉ ተጨማሪ። አዲሱ ከዚህ ሁሉ በጣም ይበልጣል። ግን ዋጋውን ብቻ አይቼ አልመክራችሁም። ሁለት ከሰዓት ባክኖብኛል፣ መርካቶ የዞርኩበትን ሳልቆጥር። ማውዛችሁ ማንም ማውዝ ከሆነ፣ ቢተካ የማይቆጫችሁ ከሆነ፣ ግዙና ተገላገሉ። ከስር ያለው ሴንሰር ከበላሸም አትድከሙ። እጃችሁ የለመደው፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ቁልፉ ብቻ ሁለቴ የሚልክ ከሆነ ግን ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። የሞተ ማውዝ አብራችሁ ያዙ።

የዱባይ ስዊቾችም አልባከኑም። ሁለቱን ለባልደረባዬ ማውዝ አስገጠምኩለት፣ ያ በሆዴ ያማሁት ልጅ። ለምን እንዲህ ደግ እንደሆንኩበት አልገባውም። በሱ ማውዝ ላይ ሳያቸው ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ድምፅ አላቸው፤ ከኔው ተነቅሎ ከተተከለው ይሻላሉ። የኔው ግን እስከሠራ ድረስ አላስከፍተውም። ስምንቱ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጠዋል።

አሁን የቀረኝ ገመዱ ነው። ከማውዙ በሚወጣበት አንገቱ ላይ ሳስቷል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ጠቋሚው ቀጥ ይላል፣ ሳቃናው ይነሳል። በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ልጁ ከሌላ ማውዝ ገመድ መቀየር እንደሚቻል ነግሮኛል፤ ሽቦዎቹ ቦርዱ ላይ የሚሰኩበት ቅደም ተከተል ስለሚለያይ ግን በቴስተር መለካት አለበት። ያ አይጥ የበላው ለዚህ አይሆንም። ወሬው ቢሮ ውስጥ ሳይሰማ አልቀረም፤ ትናንት ከሂሳብ ክፍል አንድ ፌስታል ሙሉ የሞተ ማውዝ ላኩልኝ። ሰባት ናቸው። የሁለቱ ገመድ ደህና ይመስላል።