ፓምፕ ሩም፣ ባዝ፦ እናት አባት ይዛችሁ ስትሄዱ የት ትቀመጣላችሁ?

እናት አባቱ ከአገር ቤት የመጡለት የለንደን አበሻ የሚያደርገው ይታወቃል። ቢግ ቤንን ያሳያቸዋል፣ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ፎቶ ያነሳቸዋል፣ ማታ አበሻ ምግብ ቤት ይወስዳቸዋል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ቀን መድቡና ከለንደን አውጧቸው። ባዝ ወደምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ውሰዷቸው፣ እዚያም ፓምፕ ሩም የሚባለው አዳራሽ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሻይ ጋብዟቸው። እኔ የኔዎቹን ወስጃቸዋለሁ። አምስት ኮከብ በሙሉ ልቤ እሰጠዋለሁ።

የምመዝንበትን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። አባባ ሰማንያን አልፈዋል። ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፣ ጫጫታ ባለበት ቦታ ደግሞ ሰው የሚላቸውን አይሰሙም። ስኳርም አለባቸው። እማዬ እግሯ ደህና ነው፣ ግን አሳማ አትቀምስም፣ ረቡዕና አርብ ትጾማለች፣ የማታውቀው ምግብ ሲመጣላት ደግሞ ሆዴ ሞልቷል ብላ ዝም ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ይዤ ስሄድ ምግብ ቤት የምመርጠው በወንበሩ፣ በመግቢያው፣ በድምፁና አስተናጋጁ በሚሰጠን ጊዜ ነው። ምግቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ግምገማዎች ስለ ኬኩ ክሬም ሁለት አንቀጽ ይጽፋሉ፣ ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው አይኑረው የሚናገር ግን አይገኝም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጉዞው ቀላል ነው። ከፓዲንግተን ጣቢያ ባቡር ሳትቀይሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 60 ዓመት የሞላው ሰው ሲኒየር ሬይልካርድ የሚባለውን ካርድ ካወጣ ከቲኬቱ ሲሶው ይቀነስለታል፣ ሁለት ሰው ሲሆን ደግሞ በአንድ ጉዞ ብቻ ብዙ ይረዳል። ዊልቸር ወይም ባቡር ላይ ሲወጡ የሚረዳ ሰው ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ለባቡሩ ድርጅት ንገሩ፣ አገልግሎቱ ነፃ ነው። አባባ መጀመሪያ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። የጣቢያው ሠራተኛ እጃቸውን ይዞ በአክብሮት ሲያሳፍራቸው ግን ደስ አላቸው፣ ሲወርዱም እስኪበቃቸው መረቁት።

ከጣቢያው እስከ መሀል ከተማው በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፣ በእነሱ እርምጃ ሃያ በሉት። መንገዱ ለመኪና የተዘጋ የገበያ ሰፈር ነው፣ ያን ያህል ዳገትም የለውም። ባዝ ግን በተራራ የተከበበች ከተማ ስለሆነች ከመሀሉ ትንሽ ወጣ ስትሉ ዳገቱ ይጀምራል። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ግማሽ ጨረቃ ሠርቶ የቆመው ሮያል ክሬሰንት የሚባለው የቤቶች ረድፍ ዳገት ላይ ነው። በታክሲ ሄዳችሁ እዩት እንጂ በእግር አትሞክሩት። ቤቶቹ ሁሉ ከአካባቢው በሚወጣ የማር መልክ ባለው ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ ከተማዋም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እማዬ አንገቷን አቅንታ እያየች «ይኼን ሁሉ ድንጋይ ማን ጠረበው?» እያለች ነው የሄደችው።

እንደደረስን የሆነች ትንሽ ካፌ ገባን። ስሟን አልጠራም። በስልክ ቦታ ሳስይዝ «አዛውንቶች ስላሉን ከታች ይሁንልን» ብዬ ነበር፣ እሺም ተብዬ ነበር። ስንደርስ ወደ ላይ ውጡ ተባልን። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ፣ መደገፊያው በአንድ በኩል ብቻ። አባባ ከታች ቆመው ደረጃውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሴትዮዋ ሌላ ቦታ የለም አለች፣ ከታች ሁለት ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ እያየሁት። ሳንጠጣ ወጣን። በጣም ነው የተናደድኩት። ሰው እናት አባቱን ይዞ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ለምቾት ብሎ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ በሰው ፊት አልችልም ማለት ይከብደዋል፣ ልጁም በእሱ ቦታ የሚናገርለት ለዚህ ነው። በስልክ እሺ ያለ ሰው ቃሉን ማክበር አለበት።

ፓምፕ ሩም የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ከባዝ አቢ፣ ማለትም ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ አጠገብ ነው። ሕንፃው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያለቀ ነው፣ ጣሪያው ሩቅ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ መሀል ላይ አንድ ትልቅ የክሪስታል መብራት ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ጋ የቆመው ረጅም ሰዓት ቶማስ ቶምፒየን የሚባለው ስመ ጥር የሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1709 ለከተማዋ የሰጠው ነው። አባባ ወደ ሰዓቱ ተጠግተው ከራሳቸው የእጅ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ሙዚቃው ከመድረኩ በቀጥታ ነው፣ ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ቼሎ። ድምፅ ማጉያ ስለሌለው ጠረጴዛ ላይ ሰው ሲናገር ይሰማል። ይኼ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም አባባ ብዙ ቦታ ስንሄድ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ እዚህ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያወሩ ነበር። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አያቴ፣ እኔ ሰምቼው ስለማላውቀው ስለ አንድ የደብረ ብርሃን ጉዞ።

አስተናጋጇ ወጣት ናት። አባባን ስታይ ምንም ሳንላት ከግድግዳው ጋ ያለውን፣ መንገዱ ሰፊ የሆነውን ጠረጴዛ መረጠች። ወንበሩን ሳበችላቸው፣ ዱላቸውን የት እንደምታስቀምጥ ጠየቀቻቸው። ከዚያ «ጊዜ ውሰዱ» አለችና ሄደች፣ እውነትም አልቸኮለችብንም።

ያዘዝነው እንግሊዞቹ አፍተርኑን ቲ የሚሉትን የከሰዓት ሻይ ነው፣ ለሁለቱም። ለኔ ሾርባ። የከሰዓት ሻይ ማለት ሦስት ፎቅ ባለው ማቅረቢያ ላይ የሚመጣ ነው። ከታች ጠርዙ የተቆረጠ ትንንሽ ሳንድዊች፣ መሀል ስኮን የሚሉት ትንሽ ክብ ዳቦ፣ ላይ ኬክ። ሳንድዊቹ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ሊኖር ስለሚችል ስታዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኛ ተናገርን፣ በእንቁላልና በኪያር ቀየሩልን፣ የማንም ፊት አልጠቆረም። እማዬ የኪያሩን ቀምሳ «ኪያር በዳቦ! ማን ያስበዋል?» አለች። ከዚያ የኔንም ድርሻ ወሰደች። ዳቦው ለስላሳ ነው፣ ጥርስ ለሌለው ሰው እንኳ አይከብድም፣ ይኼንንም ልብ በሉት።

ስኮኑ ሞቆ መጣ። እሱን ለሁለት ከፍላችሁ ክሎትድ ክሪም የሚባለውን ወፍራም ክሬምና የእንጆሪ ጃም ትቀቡታላችሁ። ክሬሙ ከቅቤ ይቀርባል፣ እማዬ ስትቀምሰው ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ ነው አለች፣ ብዙም አልራቀችም። አባባ በስኳራቸው ምክንያት ጃሙን ትተው በክሬሙ ብቻ በሉት። ኬኮቹ ግን በጣም ጣፋጭ ናቸው፣ ለኔም በዝተውብኛል። የተረፈውን አስተናጋጇ በካርቶን አድርጋ ሰጠችን፣ ማታ ለልጆቹ ሆነ።

ሻዩ በማንቆርቆሪያ ይመጣል፣ ወተቱ ለብቻ። ስለዚህ አገር ቤት እንደለመዱት ያለ ወተት መጠጣት ይችላሉ። ቅርንፉድና ቀረፋ የለም እንጂ ሻዩ ጠንካራ ነው፣ ሙቅ ውሃም ደጋግመው ያመጣሉ።

የጾም ነገር። ክሬሙ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ሁሉ ለፍስክ ቀን የሚሆን ነው፣ እኛ የሄድነው ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ ወይም አርብ ከሆነባችሁ፣ ወይም ሁዳዴ ከገባ፣ እንግሊዝ አገር የትም ብትሄዱ ስለ ጾም ከማስረዳት ቪጋን ነው በሏቸው። ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የሌለበት ማለት ስለሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ቦታ ስታስይዙ ንገሩ እንጂ እዚያ ደርሳችሁ አትጀምሩ።

ዋጋው ርካሽ አይደለም። የከሰዓት ሻይ የትም ርካሽ አይደለም፣ ታሪካዊ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለኔ ግን ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሰዓት ያህል ስንቀመጥ ሂሳብ ይዞ የመጣ ሰው የለም። አባባ ዋጋውን እንዳያዩ ሜኑውን ቀድሜ ወሰድኩባቸው። እናንተም እንደዚያው አድርጉ፣ በብር መንዝረው ካሰሉት ምግቡ አይወርድላቸውም።

አሁን ወደ ውሃው። እዚያው አዳራሹ ውስጥ ከምንጩ የሚመጣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ አለ። ሮማውያን ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት መታጠቢያቸውን የሠሩት በዚህ ፍል ውሃ ላይ ነው። ከመሬት ሲወጣ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፣ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። 43 ማዕድን አለበት ይባላል፣ እንግሊዞቹም ለመቶዎች ዓመታት ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለሌላም ሕመም ሲጠጡትና ሲነከሩበት ኖረዋል። ለብ ያለ ነው፣ ብረት ብረት ይላል። እኔ አንድ ጉንጭ በቃኝ። እማዬ ግን «ይኼማ ፍል ውሃ ነው፣ የኛው ፍል ውሃ!» ብላ አማተበች፣ ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጣችው፣ አባባንም ለጉልበትዎ ነው ብላ አጠጣቻቸው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ፍል ውሃ አጠገብ መሆኑን ለአስተናጋጇ እንድተረጉምላት አዘዘችኝ። ተረጎምኩ። ልጅቷም ቆማ በጥሞና ሰማች።

ሌላ የወደድኩት፣ በመስኮቱ ወደ ታች ስታዩ ኪንግስ ባዝ የሚባለው ጥንታዊ የመታጠቢያ ገንዳ ይታያል፣ እንፋሎቱ ሲወጣ። የሮማውያኑን ሙዚየም ሙሉውን መዞር ለአባባ ድካም ነበር፣ ወለሉም ቦታ ቦታው ላይ ወጣ ገባ ነው። ከመስኮቱ ሆነው ግን ቁጭ ብለው አዩት። እግሩ ጠንካራ የሆነ ሰው ሙዚየሙን ይግባ፣ በጣም ያምራል።

ለአበሻ ደግሞ ባዝ ሌላ ነገር አላት። ጃንሆይ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በስደት የኖሩት እዚህ ነው። ፌርፊልድ ሃውስ የሚባለውን ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ገዝተው እስከ 1940 ኖረውበታል። በኋላም በ1958 ለከተማዋ ሰጡት፣ አረጋውያን እንዲገለገሉበት ብለው፣ ዛሬም የአካባቢው አረጋውያን ይሰባሰቡበታል። ከመሀል ከተማ ራቅ ስለሚል ከፓምፕ ሩም በር ላይ በታክሲ ሄድን። አባባ ጃንሆይን በልጅነታቸው መንገድ ዳር ቆመው ያዩ ሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ ሲቆሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በሰው አገር ብርድ!» አሉ፣ «በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከነቤተሰባቸው።» እማዬ ደግሞ ስለ እቴጌ መነን ነው ያሰበችው፣ ማን እንጀራ ይጋግርላቸው ነበር ብላ።

ቤቱ ለጎብኚ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ ወይም ድረ ገጻቸውን እዩ። እኛ አስቀድመን ስላጣራን ገባን። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት ብዬ እመክራለሁ፦ ጠዋት አቢው፣ ከቀትር በኋላ ፓምፕ ሩም፣ ከዚያ በታክሲ ፌርፊልድ። የጎብኚ ሰዓቱ ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነ ፌርፊልድን አስቀድሙና ሻዩን ለመጨረሻ አቆዩት። ፓምፕ ሩም ቦታ ስታስይዙ ሦስት ነገር ንገሯቸው፦ ዱላ የያዘ ሰው እንዳለ፣ አሳማ እንደማትበሉ፣ ጾም ከሆነ ቪጋን እንደምትፈልጉ። መጸዳጃው በየት በኩል እንደሆነም ያኔውኑ ጠይቁ። ቅዳሜና እሁድ ባዝ በጎብኚ ትሞላለች፣ በክረምቱ የገና ገበያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ ላይ መተላለፊያ አይገኝም፣ ስለዚህ የሥራ ቀን ፈልጉ። ፈቃድ ከሥራችሁ ለምናችሁም ቢሆን።