የአዋቂዎች የስሜት ሕዋሳት ምዘና፦ ለኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የሚያግዝ ሕክምና) ክፍል የትኛው መጠይቅ ይገዛ?

በ2002 የታተመው አዶለሰንት/አደልት ሴንሶሪ ፕሮፋይል 60 ጥያቄዎች አሉት፤ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይሞላዋል። ውጤቱ ሰው ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት ስሜቶች በሚሰጠው ምላሽ በአራት ይከፈላል፦ ዘግይቶ ማስተዋል፣ ስሜትን መፈለግ፣ በቀላሉ መረበሽ፣ ስሜትን መሸሽ። እያንዳንዱ 15 ጥያቄ ስላለው ነጥቡ ከ15 እስከ 75 ነው። አራቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ትልቅ ስህተት ነው፤ ፈላጊውና ሸሺው እኩል ድምር ሊያመጡ ይችላሉና። አንድ ሰው በሁለት ክፍል ከፍ ቢልም አይገርምም፦ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ሰው የሸሚዙ ስፌት ቀኑን ሙሉ ሊረብሸው ይችላል።

ሴንሶሪ ፕሮሰሲንግ ሜዠር 2 ደግሞ በ2021 የወጣ ነው። የአዋቂዎች ቅጹ ከ16 እስከ 87 ዓመት ያገለግላል፤ 80 ጥያቄዎች ስላሉት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ከእይታ፣ ከመስማት፣ ከመዳሰስና ከመሳሰሉት ሌላ ሚዛንን፣ የራስን ሰውነት አቀማመጥ ማወቅን፣ እንቅስቃሴ ማቀድንና ማኅበራዊ ተሳትፎን ለየብቻ ይለካል። ቲ ነጥቡ (ውጤቱን ከሌሎች ሰዎች ውጤት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) ከ60 እስከ 69 ሲሆን መካከለኛ፣ ከ70 ሲጀምር ከባድ ችግር ያመለክታል። በጣም የምንወድለት ግን ታካሚውን በደንብ የሚያውቅ ሌላ ሰው የሚሞላው ቅጽ ያለው መሆኑ ነው፤ ራሱን መግለጽ ለሚከብደው ሰው ይህ ወሳኝ ነው።

ግላስጎው ሴንሶሪ ኩዌስችነር 42 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ 21ዱ ከልክ ስላለፈ፣ 21ዱ ስላነሰ ምላሽ ይጠይቃሉ። ከኦቲዝም ባሕርያት ጥናት የመጣ ስለሆነ ለውይይት መክፈቻ እንጂ ለሕክምና ዕቅድ ብቻውን አይበቃም።

ለአእምሮ ጤና ሥራ የመጀመሪያውን ግዙ፤ አራቱ ክፍሎቹ የታካሚውን የቀን ውሎ ለማስተካከል በቀጥታ ይረዳሉ። ታካሚዎቻችሁ የሚደናቀፉ፣ ዕቃ ከእጃቸው የሚወድቅባቸው ወይም አዲስ እንቅስቃሴ ለመልመድ የሚቸገሩ ከሆኑ ሁለተኛው ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ መስማትና ማየት አስቀድሞ ይመርመር። ጭንቀት፣ የእንቅልፍ እጦትና ማይግሬን የመረበሽ ነጥብን ከፍ ያደርጋሉና ታካሚውን በሥራው ላይ እያለ ማየትም የግድ ነው። በጀት ስትይዙ መመሪያውንና ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚያስፈልገውን ቅጽ ለየብቻ አስሉ። ቅጹን ያለ አሳታሚው ፈቃድ ማባዛትም ሆነ መተርጎም አይገባም፤ በራስ ትርጉም የተሞላ ቅጽ በመመሪያው ሠንጠረዥ ሊመዘን አይችልም።