ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ላላችሁ ወላጆች፤ ልጆቻችሁን ወደኚህ ሰው ላኩ

ሰፈራችን ውስጥ ሶላር የሚገጥሙና የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። ስሜን አትጥሪ ስላሉኝ አልጠራም። ግን ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ 12ኛ ክፍል ተፈትና ማለፊያ ነጥብ አልመጣላትም። ያንን ያየ ወላጅ ያውቀዋል። ከዚያ አንድ የግል ኮሌጅ "ታዳሽ ኃይል በተግባር እናሠለጥናለን፣ ሥራም እናስገባለን" ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። የዕቁብ ብሬን ይዤ ሄድኩ። ምን ተገኘ መሰላችሁ? ፎቶኮፒ! አስተማሪው አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ፓኔሉ ስቶር ተቆልፎበት ልጆቹ በመስኮት ነበር የሚያዩት። ተግባሩ መቼ ነው ብላ ስትጠይቅ አንዱ "አንቺ ደግሞ ጣሪያ ልትወጪ ነው?" ብሎ ክፍሉን ሙሉ አሳቀባት። ብሬን መልሱ ስል ነገ ዛሬ እያሉ አመላለሱኝ። ከብሩ ይልቅ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጋሼን ያገኘኋቸው በጎረቤቴ በኩል ነው። እናቷ የሚኖሩት ከኮንዶሚኒየሙ ባሻገር፣ የመብራት መስመር ያልገባበት ሰፈር ነው። ሶላራቸው ማታ ማታ ቶሎ እየጠፋ አስቸገራቸው። አንድ ባለሙያ መጥቶ "ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ግዙ" ስላላቸው ምስኪኗ እናት ብር እያጠራቀሙ ነበር። ጋሼ የሚመጡ ቀን ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ትይ ብዬ እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ጋሼ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙና "ውጪ ልጄ፣ እኔ አለሁ" አሏት። ፓኔሉ የኮንስትራክሽኑ አቧራ ተጋግሮበት መልኩ ጠፍቷል። ቴስተሩን፣ ያቺን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሰጧት፣ የት የት እንደምታስነካው ነገሯትና ቁጥሩን ጮክ ብላ እንድታነብ አደረጉ። ቀጥለው እርጥብ ጨርቅ አቀበሏት። ጠርጋ ስትጨርስ "በይ እንደገና ለኪው" አሏት። "እማ፣ ጨመረ!" ብላ ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ቀጥሎ አንድ የላላ ሽቦ ራሷ አገኘችና አጠበቀችው። ቮልቱን አምፔሩን እኔ አላውቅም። የማውቀው ያን ማታ መብራቱ እስኪተኙ ድረስ እንዳልጠፋ፣ እኚያ እናትም ባትሪ ሳይገዙ እንደቀሩ ነው። ጋሼ የተቀበሏት ጥቂት ብር ነበረች። እሷንም "የሠራችው እሷ ናት" ብለው ለልጄ አካፈሏት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋ ናት። ሌሎች ተማሪዎችም ይመጣሉ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ። አንድም ልጅ ቆሞ አያይም፤ ሁሉም ይነካል፣ ሁሉም ይፈታል። ሥራው ሰፊ መሆኑንም ይነግሯቸዋል። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትሄዱ የምታዩአቸው የነፋስ ተርባይኖች አዳማ አንድ በሚባለው የነፋስ ኃይል ጣቢያ 34፣ አዳማ ሁለት በሚባለው 102 ናቸው። "ታዲያ እነዚህን ነገ የሚጠግነው ማነው?" ይሏቸዋል። የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜ 2017 ቢመረቅም፣ መስመር ያልደረሰው ገጠር ገና ብዙ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሶላር ገጣሚ ይፈለጋል። የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፤ እሱንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ሲበራ ማየት ነው እንግዲህ!

ደስ ያለኝ ሌላው ነገር፣ እኔ ጋ ብቻ ቅሩ አይሉም። "ልምዱን እዚህ ያዙ፣ ወረቀቱን ከመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ያዙ፣ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ተፈተኑ" ነው የሚሉት። ልጄ አሁን እዚያ ኤሌክትሪክ ተመዝግባለች። ያቺ የሚስቁባት ልጅ!

እባካችሁ ወላጆች፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ላኩ። አሁንም እላለሁ፣ ላኩ። ሶላራችሁ የተበላሸባችሁም አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ጋሼን አሳዩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ለልጆቹ የሚሆን ትርፍ ቴስተር ወይም የተበላሸ ፓኔል ያላችሁም አትጣሉት፣ መጥተን እንወስዳለን።