ቢዋይዲ ሲጋል ከአንድ ዓመት በላይ ነድቻት፦ ሶኬቱ፣ ታክሱ፣ ሊብሬው

ሲጋል የምትባለውን ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና መያዜን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» ከአንድ ዓመት በላይ ከነዳኋት በኋላ እኔም መልሼ መጠየቅ ለምጃለሁ። «አንተስ ማታ የት ነው የምታሳድራት?» መኪናዋ ጥሩ ናት። ለአዲስ አበባ ውስጥ ምልልስ ደግሞ በጣም ጥሩ ናት። ደስታችሁን የሚወስነው ግን የምታድርበት ቦታ ነው።

የኔዋ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ናት። 30.08 የሆነች ታናሽም አለቻት። ሞተሯ 55 ኪሎዋት፣ በፈረስ ጉልበት 75 ገደማ ነው። ርዝመቷ 3.78 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቦሌ ላይ ሌላው መኪና ጠቦት ትቶት የሚያልፈው ክፍተት ለእሷ ማቆሚያ ይሆናል። የቻይናዋ ሲጋል የተሠራችው ለአራት ሰው ነው፤ ከኋላ መሐል መቀመጫ የላትም። ሦስት ልጅ ያላችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ለመዝናናት አንብቡት።

ግቢ ላለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ነቅሎ ይወጣል። ተንቀሳቃሹ ቻርጀር በተራ የግድግዳ ሶኬት ላይ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰክታችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብትነቅሉ የባትሪው ግማሽ ገባ ማለት ነው። ከአያት ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ይህ ይተርፈዋል።

ሶኬቱ ግን ሥራ ይፈልጋል። ስልክ የምንሰካበት ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ይህን ያህል ጉልበት እንዲሸከም ታስቦ አልተገጠመም። ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ሶኬትና ርካሽ ኤክስቴንሽን ሲገናኙ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያለው አስዘርጉ። ከዚያ ኧርዝ የሚባለው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ጉዳይ ይመጣል። ብዙ የቆዩ ቤቶች ኧርዝ የላቸውም። ቻርጀሩ ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። አንዳንድ ኤሌክትሪሻን «ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር ላገናኝልህና ይሥራ» ይላል። ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የመኪናው አካል ራሱ ሊነዝር ይችላል። መሬት ውስጥ የመዳብ ዘንግ አስቀብሩ፤ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ሰው ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ኤክስቴንሽን ለቅቆ የሚያድር ጎረቤት አይቻለሁ። ክረምት ላይ ሳስበው ይዘገንነኛል። ተከራይ ከሆናችሁና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ለጭቅጭቅ ተዘጋጁ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛው ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ የእናንተ መኪና የራሷን ብቻ ሳትሆን የግቢውን ሁሉ ሂሳብ ወደ ላይ ትገፋለች። አከራያችሁ ይህን በሁለተኛው ወር ይደርስበታል። እህቴን እንዳትገዛ የመከርኳት ለዚህ ነው። የምትኖረው ጎሮ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሕንፃው ኮሚቴ ለመኪና ማቆሚያው ቆጣሪ እስኪያስገባ ድረስ ራይድ ይሻላታል።

መብራት ይጠፋል ወይ? ይጠፋል። ውሃ ሲመጣ ጀሪካን እንደምንሞላው፣ መብራት ሲኖር መሰካት ነው። ከግማሽ በታች ይዤ ማደር ትቻለሁ። ባትሪዋ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) የሚባለው ዓይነት ስለሆነ እስከ 100 በመቶ መሙላት እንደ ሌሎቹ የሊቲየም ባትሪዎች አያስፈራትም። እንዲያውም አልፎ አልፎ ሙሉ መሙላት ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር እውነቱን እንዲናገር ያደርጋል።

ወደ ኪሎ ሜትሩ እንምጣ። ሻጩ 405 ይላችኋል፤ ለታናሽዋ 305። ውሸት አልተናገረም። ቁጥሩ ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የወጣ ነው፤ መለኪያው ለጋስ ነው። ይቺው መኪና አውሮፓ ውስጥ ዶልፊን ሰርፍ ተብላ ስትሸጥ፣ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓቷ በአውሮፓ መለኪያ 220 ኪሎ ሜትር ነው የተሰጣት። ስለዚህ ሻጩ ከሚለው ላይ ሩቡን ቀንሱና ተዘጋጁ። ከተማ ውስጥ ትራፊኩ ቀስ ስለሚያስኬድ ከዚያም ትሻላለች።

አዳማ ደርሶ መልስ ይቻላል። ነገር ግን መሄጃውና መመለሻው አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ አዳማ ከዚያ ብዙ ዝቅ ትላለች። ስትሄዱ ቁልቁለት ነውና ባትሪው አይነካም፤ «ይቺ መኪና ተአምር ናት» ትላላችሁ። ስትመለሱ በፈጣን መንገዱ ላይ እየወጣችሁ በ100 ስትነዱ ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። አዳማ ላይ የቀረውን ባትሪ አይታችሁ ምሳ እየበላችሁ የምትሰኩበት ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። ሐዋሳ በቀጥታ? በዚህች መኪና አልመክርም።

ከፍታው ግን ሌላ በረከት አለው። ተራ የቤንዚን ሞተር አየሩ ስስ ስለሆነበት አዲስ አበባ ላይ ከጉልበቱ አምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ቪትዝ ማርሽ ለውጣ ታቃስታለች፤ ሲጋል ዝም ብላ ትወጣለች። ስትወርዱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ እየያዛት ባትሪውን ይሞላል፤ ፍሬን ብዙም አትነኩም። ዝምታዋ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እግረኛ ላይሰማችሁ ይችላል። በተለይ ሰፈር ውስጥ ልጆች በጆሯቸው ነው የሚጠነቀቁት።

አሁን ታክሱ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። የቆየ ቪትዝ ከውጭ አስገብቶ መሸጥ ያን ጊዜ አበቃለት። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይዝ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ ተባለ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንደማይገባ ተናገሩ። ከተማው በቻይና መኪና የተሞላው በዚህ መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ቀረጥ የሚሰላው በዶላር ዋጋው በዕለቱ ምንዛሪ ተባዝቶ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሁለት ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መቶኛው ባይነካም የሚከፈለው ቀረጥ አብሮ ወጣ። መመሪያም ይለወጣል። ስለዚህ ከቻይና ልታስመጡ የምትዋዋሉ ከሆነ፣ መኪናዋ መንገድ ላይ እያለች ቀረጡ ወይም ምንዛሪው ቢጨምር ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይግባ። እኔ ያነጋገርኩት አንድ አስመጪ ይህን ሐረግ ውሉ ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ አልነበረም። ትቼው ወጣሁ። እዚሁ የቆመች፣ ቀረጥ ተከፍሎባት ታርጋ የለጠፈች ገዛሁ፤ ትንሽ ተወደደች፣ እንቅልፌ ግን አልተነካም።

ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ። የጉምሩክ ወረቀቱ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬውና ከመኪናዋ አካል ጋር አንድ መሆን አለበት። ዋጋዋ ከገበያው በጣም ወረድ ያለች ካገኛችሁ ቀረጥ ነፃ የገባች እንዳትሆን ጠይቁ። ስም ሲዞር ያ ሁሉ ቀረጥ ይመጣል። ባንክ አግዷት እንደሆነም አጣሩ። ደላላ «በውክልና ያዛት፣ ስም ማዛወሪያ ለምን ታወጣለህ» ሲላችሁ አትስሙት። ወካዩ የሞተ ዕለት ውክልናው ያበቃል፤ እናንተም ከወራሾቹ ጋር ትፋጠጣላችሁ። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ሽያጩን ተፈራረሙ፣ የቴምብር ቀረጡን ክፈሉ፣ ሊብሬውን በስማችሁ አድርጉ።

የቻይና ገበያ መኪና መሆኗንም አትርሱ። መሰኪያዋ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ አይገባላትም። የምትተማመኑበት ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ የትኛው መሰኪያ እንዳለው ሄዳችሁ እዩ። ስክሪኗ ቻይንኛ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩ ልጆች አሉ፤ ሻጩ ቀይሮ ያስረክባችሁ። «ዜሮ ኪሎ ሜትር» የሚባሉት አንዳንዶቹ ቻይና ውስጥ በሰው ስም ተመዝግበው ከዚያ እንደ ያገለገለ የተላኩ ናቸው። መኪናዋ አዲስ ልትሆን ትችላለች፤ የፋብሪካ ዋስትናዋ ግን እዚህ የሚሠራ አይምሰላችሁ።

ወጪዋ ላይ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋል። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የቤት መብራት ከ100 ብር በታች ያስወጣኛል። ቤንዚን በ2017 አጋማሽ በሊትር 100 ብር አልፏል፤ ቪትዝ ለዚያው መንገድ ስድስት ሰባት ሊትር ትፈልጋለች። ሰልፉ ደግሞ አለ። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ፍሬን ሸራውም ቶሎ አያልቅም።

የሚያስከፍለው አካሏ ነው። ለቪትዝ ፓራውልትም ፍሬቻም ሶማሌ ተራ ወጣ ብሎ ይገኛል። ለሲጋል የፊት መብራት ቻይና ታዞ ይጠበቃል፤ ዋጋውም ያስደነግጣል። ስለዚህ ሙሉ ኢንሹራንስ ግቡ። ሦስተኛ ወገን በአዋጅ ግዴታ ነው፣ ቦሎም ያለ እሱ አይገኝም፤ ግን የሌላውን ጉዳት እንጂ የእናንተን መኪና አይጠግንም። በየዓመቱ ስታድሱ የመኪናዋን ዋጋ ወደ ገበያው ዋጋ አስተካክሉ። በአሮጌው ዋጋ የተመዘገበች መኪና ስትጋጭ ካሳውም በዚያው ልክ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ጋራዥ ቆሞ ነው።

ከታች ዝቅ ትላለች። ኮብልስቶኑና የፍጥነት ማብረጃ ጉብታው ላይ አራት ሰው ጭናችሁ ቀስ በሉ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው የተኛው።

እዚሁ የተነዳች ለመግዛት የምታስቡም አላችሁ። ዋጋው እየሳበ ነው። መቶ በመቶ ሞልተው ያቅርቡላችሁ፤ ረዘም ያለ መንገድ ንዱና ስንት በመቶ እንደበላች እዩ። ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ሰክቶ ያሳያችሁ፤ ቻርጀሩ የጠፋ ወይም የተቀየረ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ጋራዥ ወስዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ ሥሯን ተመልከቱ። የባትሪው መሸፈኛ የተፋፋቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ገባ ያለ ከሆነ ቀለሟ የፈለገውን ያህል ቢያብረቀርቅ ቀብድ አትስጡ።