ዘጠኝ ወር ከኤሌክትሪክ ፒክአፕ ጋር፦ ደንገጎን ባዶ ሽቅብ፣ በጭነት ቁልቁል

ሰው ሁሉ እየደወለ «መኪናዋ እንዴት ነች?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ድሬዳዋ ነኝ፣ ከዚራ። ሥራዬ አትክልት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነስቼ ወደ ሐረማያ እወጣለሁ፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ የተገኘውን ጭኜ ፀሐይዋ ሳትከር ቀፊራ ገበያ አራግፋለሁ። ስድስት ዓመት የሠራሁት በቤንዚን ሃይሉክስ ነበር፣ ባለ 2.7ቷ። የአሁኗ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄድ የቻይና ፒክአፕ ነች፤ ደብል ጋቢና፣ ባትሪዋ 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ስሟን አልጠራም። ላሞግሳትም ላማትም ስለሆነ ሳይጠራ ይሻላል።

ለምን ቀየርኩ? ቤንዚን በሊትር 100 ብር ሲያልፍ ማሰብ ጀመርኩ። ግን እውነቱን ለመናገር ከዋጋው ይልቅ ያንገሸገሸኝ ሰልፉ ነው። ማደያ ደርሼ «አልቋል» እባላለሁ፣ ጥግ ላይ በሃይላንድ የሚሸጠው ግን አልቆ አያውቅም። ገበሬው ሽንኩርቱን ነቅሎ ማሳው ላይ ይጠብቀኛል፣ እኔ እዚህ ተሰልፌ ነጋ። በዚያ ላይ መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋው ሰማይ ነካ። ሃይሉክሷን ከገዛሁበት አስበልጬ ሸጥኳት። ስትሄድ ትንሽ ከፋኝ፤ አልዋሽም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ደንገጎ።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሐረማያ 2,000 ገደማ። ልዩነቱን የምትወጣው በደንገጎ ጠመዝማዛ ነው። ሃይሉክሷ እዚያ ስትደርስ ትታፈን ነበር። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ ያለ አየር ጉልበት የለውም። ሁለተኛ ማርሽ፣ ኤሲ ዝግ፣ ዓይኔ ሙቀት መለኪያው ላይ። ይቺኛዋ አየር አያስፈልጋት። ሲኖትራኩን አልፋ ዝም ብላ ትወጣለች፤ መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው ራሱ አስጨንቆኝ ነበር።

ትልቁ ነገር ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። የኔ ሥራ አንድ ባሕርይ አለው፦ ስወጣ ባዶ ነኝ፣ ስወርድ ተጭኛለሁ። ኤሌክትሪክ መኪና ስትወርድ እግርህን ከነዳጅ መስጫው (ሌላ ስም አላገኘሁለትም) ስታነሳ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ መኪናዋን እንደ ፍሬን እየያዘ መልሶ ባትሪውን ይሞላል። ጭነቱ በከበደ ቁጥር ቁልቁል የሚገፋህ ኃይል ይጨምራል፣ የሚመለሰውም ይጨምራል። በመጀመሪያው ሳምንት 800 ኪሎ ድንች ጭኜ ደንገጎ አናት ላይ ሳየው 63 በመቶ ይላል። ታች ስደርስ 67። ስክሪኑ የተበላሸ መስሎኝ አቁሜ አጥፍቼ አስነሳኋት። 67 ነው። ድንቹ ቻርጅ አደረገልኝ ማለት ነው።

ደርሶ መልሱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ሃይሉክሷ በዚያ መንገድ 11 ሊትር ያህል ትጠጣ ነበር፣ ከ1,100 ብር በላይ። አሁን አንድ ምልልስ ከባትሪው ሩቡን እንኳ አይጨርስም፤ የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሆንም ወጪው 200 ብር አይሞላም። የፍሬን ሸራም በዓመት ሁለቴ እቀይር ነበር፣ እንደምታውቁት ደንገጎን የወረደ ሁሉ ያንን የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ያውቀዋል። አሁን በዘጠኝ ወር አልተነካም። ጎማ ግን ትበላለች፣ በተለይ የኋላውን። ክብደቷ ቀላል አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንድ ቀን ሐረማያ ዘመድ ቤት አድሬ 100 በመቶ ሞልቼ ተነሳሁ። ጭኜ ደንገጎ ስደርስ ባትሪው ገና ጢም ያለ ነው፤ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ መኪናዋ አትይዝም። በፍሬን ብቻ ወረድኩ። ሽታው መጣ። ከዚያ ወዲህ ላይ ስሞላ ከ85 አላሳልፍም።

ይሄ ሁሉ የኔ ጭነት ቁልቁል ስለሚሄድ ነው። የእህቴ ባል ተቃራኒው ነው፤ ሲሚንቶና የታሸገ ውሃ ከድሬ ጭኖ ሐረርና ጅግጅጋ ያደርሳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ሽቅቡን ሲጭን ባትሪው ይቀልጣል፣ ሲወርድ ደግሞ የሚገፋው ክብደት የለም። የሱን ሥራ አንድ ቀን በኔ መኪና ሞከርነው። ጅግጅጋ 22 በመቶ ይዤ ደረስኩ። ቻርጅ ማድረጊያ ያገኘሁት የጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ቴሌቪዥኑ የተሰካበት ሶኬት። በመስኮት ገመድ ጎትተን ሰካን። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ የመጣው ሲነጋ ነው። ጓደኛዬ ፍርፍር አቀረበ፣ ቡና ተፈላ፣ ሦስተኛው ተጠጣ፣ እኔ በየአሥር ደቂቃው ወጥቼ ቁጥሩን አያለሁ። ከሰዓት በኋላ 60 ሲሞላ ተነሳሁ። ባቢሌን ያለፍኩት ኤሲ ዘግቼ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ነው። ድሬ በ13 በመቶ ገባሁ፣ እሱም ደንገጎ ቁልቁለት ሆኖልኝ። የእህቴ ባል ያገለገለ የቤንዚን ፒክአፕ ገዛ። እኔም ግዛ አልኩት።

አሁን ቤት ውስጥ ስለ መሙላት። ይሄን ማንም አልነገረኝም።

የኛ ቤት አሮጌ ነው። ቻርጀሩን ስሰካው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ አይሞላም። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ «የመብራታችሁ ችግር ነው» ብሎ ዘጋው። ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ። ቆጣሪውን ከፍቶ አየና «ጋሼ፣ ቤትዎ አርዝ የለውም» አለኝ። አርዝ ማለት ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ ነው። ቻርጀሩ እሱን ካላገኘ አልሠራም የሚለው ኤሌክትሪኩ ሰው እንዳይዝ ነው፣ ልክ ነው። ግቢ ውስጥ ሎሚው አጠገብ ቆፍሮ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላበት። ሠራ! በሁለተኛው ወር ቀይዋ መብራት ተመለሰች። ለካ የድሬ አፈር አሸዋ ነው፣ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መድኃኒቱ ውሃ ነው። በሙቀቱ ወራት ማታ ማታ አንድ ባልዲ አፈስበታለሁ። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና «አንተ፣ ሎሚው ደርቆ ብረት ታጠጣለህ?» ትለኛለች።

ሶኬትም አንድ አቅልጫለሁ። ርካሹን ገዝቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ለብቻው መስመር አስጎትቱ፣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። ከ20 ወደ 80 ለመሙላት በኔ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ሰባት ሰዓት ያህል ነው፤ በተራ ሶኬት ግን ሌሊቱ አይበቃም።

ሙቀቱን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ግንቦት ላይ ቆማ ስትሞላ ማራገቢያዋ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ከዚያ ያለፈ ነገር አላየሁም። የገደለኝ ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ትንሹ ነው። ለካ እሷም እንደማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት፣ ኮፋኖ ሥር። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው፤ እና የድሬ ሙቀት ይጨርሰዋል። አንድ ሌሊት ልወጣ ስል ሙት። ከሥሯ 80 በመቶ የተሞላ ባትሪ ተኝቷል፣ መኪናዋ ግን መብራት እንኳ አታበራም። በር ላይ የሚያድር ባለ ባጃጅ ልጅ ቀስቅሼ በገመድ አገናኘን። ወዲያው ተነሳች። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ «አቦ ጋሼ፣ ይቺ ሁሉ ሚሊዮን በኔ ባትሪ?» አለኝ። እስካሁን ሲያየኝ ክላክስ ይነካል።

ፒስታ ላይ ሃይሉክሷ ትበልጣለች፣ ክርክር የለውም። ይቺ ከሥር ባትሪ ስላላት ዝቅ ትላለች፣ የኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚነዳት። ዝናብ የጣለ ቀን ማሳው ድረስ አልገባም፣ ገበሬው በአህያ ወደ አስፋልቱ ያወጣልኛል፣ ለዚያም እከፍላለሁ።

የመጨረሻው መለዋወጫ ነው። ለሃይሉክስ ድሬ ውስጥ የማይገኝ ዕቃ የለም፣ ቢጠፋ አሮጌ ተፈትቶ ይመጣል። ለይቺ የሚፈታ አሮጌ ገና የለም። አወዳይ ላይ አህያ ግራ ስፖኪዮዬን ሰበረችው። ድምፅ ስለሌላት አህያዋም አልሰማችኝ፣ አልፈርድባትም። ሻጩ «በሚቀጥለው ኮንቴይነር ይመጣል» አለኝ። ሦስት ወር ሆነ። ለጊዜው መስታወት ቤት ሄጄ በልኬ አስቆርጬ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ከኋላዬ ያለው ሲኖትራክ ሁለት ሆኖ ይታየኛል።